ቤት ይመታል

ገጥሜ ከሰጠሁት ሳምንትም አልሞላ፣
አደራጀው መጣ ጧት ቁርሱን ሳይበላ።
ዲኤክሷን አቁሞ ከጋራዡ ደጃፍ፣
መሪውን ሳይለቅ ጀመረ ሊለፈልፍ።

«ኧረ ስማት እስኪ! ከአዘዞ ስነሳ
ሰላም ነች፤ ዳገቱን ስትይዝ ወደ ፒያሳ
ኳ ኳ ኳ ትላለች፣
ሆዷ ውስጥ በር ያለ ይመስል ታንኳኳለች።
ትናንት አንዲት እናት ማራኪ ላይ ወርዳ
‹ሒሳቤን መልስልኝ› አለችኝ ተናዳ።»

ኮፈኑን ከፈትሁት፤ ጎንበስ ብዬ ሰማሁ።
የቺንጋውን ፉጨት፣ የማራገቢያውን ንፋስ፣ የማውቀውን አወቅሁ፤
ሌላ ምንም የለም።
«አዲስ ጫማ» አልሁት «እስኪለምድ ይጮኻል፤
ፋሻው ገና ትኩስ ነው፣ ሰንበት ሲል ይተዋል።»

ደብሪቱ ግን ቆማ፣ ቁልፏን እንደ ያዘች፣
አንዴ ሞተሩን፣ አንዴ እኔን አየች።
ሦስት ዓመት ሳስተምራት እንዲህ አላየኋት፤
አንድ ቃል ነበረ ጉሮሮዋን ያነቃት።

ይኸን ጆሮ እኔው አውቀዋለሁ።
ከኤን ትሬ ሥር ተኝቼ ስንት ክረምት ጨርሻለሁ፤
ሚስቴ ሦስት ጊዜ ካልጠራችኝ አልዞርም፣
ስልኬ ሲጮኽ እንኳ ጭኔ ነው የሚነግረኝ፣ ጆሮዬ አይሰማም።
ግን ይኸ ይነገራል? እንጀራ ነው፣ ስም ነው፤
ደንቆሮ ሜካኒክ፣ ዕውር ገንዘብ ቆጣሪ፣ ማን ነው የሚያምነው?

«አንዴ ነዳጅ ስጠው» አለችው በዝግታ።
ሰጠ። ለቀቀ። ሰጠ። ጣቷ አየሩን መታ።
«ጋሼ… ቤት ይመታል።»

ቤት ይመታል!
አራት ፒስቶን ማለት አራት ስንኝ ግጥም፤
ሦስቱ ዝም ብለው አንዱ ብቻ ቤት ከመታ፣ ገጣሚው ጤና የለውም።

ረጅሙን ካቻቢቴ ከግድግዳው አወረድሁ፤
ጫፉን ከብሎኩ ጎን፣ እጀታውን በጥርሴ ነከስሁ።
ጆሮ ቢከዳ አጥንት አለ።
አንደኛው፦ ዝም። ሁለተኛው፦ ዝም አለ።
ሦስተኛው ላይ ስደርስ መዶሻ መጣና መንጋጋዬን መታ፣
እስከ ማጅራቴ፣ እስከ ዓይኔ ሥር፣ ያለ ይሉኝታ።

«የሦስተኛውን ካንዴላ ገመድ ንቀይው።»
ነቀለችው፤ ጥርሴ ዐረፈ።
«መልሽው።» መጣ።
«ንቀይው።» ሄደ።
«ቢየላ ነው» አልሁ። ማንም አልተነፈሰ።

ዘይቱ ሲወርድ ሳፋው ውስጥ ወርቅ የመሰለ ብናኝ ተኛ፤
ኮፓውን ፈታን። በጀርባዬ ገባሁ። ይኸው ሦስተኛ፦
ቆቡ ተገልብጧል፤ ቁጥሩ ከወንድሞቹ ወዲያ ዞሯል፤
ብሮንዚናው ተልጧል፤ ኮሎው ለጥቂት ተርፏል።

የማን እጅ ነው? የእኔ።
ሐሙስ ማታ ነበር፣ መብራት የጠፋ ለታ፤
ደብሪቱ ከኋላዬ፣ የስልኳን መብራት አብርታ።

«ያን ለት» አልኋት ከመኪናው ሥር፣ «አላየሽም?»
ጎንበስ አለች። ከንፈሯን አይቼ ነው እንጂ አልሰማሁም፦
«ሁለት ጊዜ ነገርሁዎ፣ ጋሼ። ‹ቁጥሩ› አልሁዎ።
ዝም ሲሉኝ፣ ‹አርፈሽ ያዥ› ማለትዎ መሰለኝ፤ ተውሁዎ።»

ወጥቼ ለአደራጀው እጄን አሳየሁት፤
«ይኸ እጅ ነው» አልሁት፤ «ሒሳብ የለም» አልሁት።
መጥበቂያውን ቁልፍ ግን ለእሷ ነው የሰጠሁት።

ብሮንዚናው ከባሕር ዳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ እስኪመጣ
ሁለት ቀን አለፈ፤ አደራጀው ጎማ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ሲግጥ፣ ሲቆጣ፣
መልሶ ደግሞ ሲስቅ። እሷ ገጠመች፤ እኔ ብሎን አቀበልሁ።
ሞተሩ ሲነሳ ሞተሩን ትቼ ፊቷን አየሁ፤
እዚያ ላይ ነው የሰማሁ።

ዲኤክሷ ሄደች። ዳገቱን ያዘች። ትንሽ ቆይቶ ጭኔ ነዘረ።
ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት፤ አዳመጠች፤ ዘጋችው።
«ምን አለ?» አልሁ።
ነገረችኝ።
«ምን አለ?»
ከጆሮዬ ተጠጋች፤ ሦስት ዓመት ድምፅ ያላሰማች
መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ጮኸች፦
«ዝም ነው አለ፣ ጋሼ! ዝም ነው! ዝም!»